ውጤት ብቻ በቂ ነው ወይ? ስለ ባዮሜዲካል ምርምርና ስለ መካሪዎች የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በሜሪላንድና በአካባቢው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆችና ተማሪዎች፣ በአሜሪካ የባዮሜዲካል ምርምር (በሽታንና ሕክምናን በሚያጠናው ሳይንስ) ውስጥ ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ ማኅበረሰቦች ስለሚደረገው የሙያ ድጋፍ፣ በተለይም መንገዱን ቀድመው አልፈው ሌላውን ስለሚመሩ መካሪዎች ያቀረቧቸውን ጥያቄዎች ከዚህ በታች መልሻለሁ። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የእኛ ልጆችስ ከእነዚህ ማኅበረሰቦች ይቆጠራሉ?

የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም የሆነው ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩቶች (ኤንአይኤች) ለረጅም ጊዜ በሠራበት ትርጉም መሠረት ጥቁሮች፣ የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸውና የአገሬው ነባር ሕዝቦች ይካተቱ ስለነበር፣ ትውልደ ኢትዮጵያውያንም በዚያው ይታዩ ነበር። አካል ጉዳትና የቤተሰብ የኑሮ ችግርም ከግምት ይገቡ ነበር። ለአብዛኞቹ የተቋሙ የሥልጠና ድጎማዎች ግን ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይጠየቃል።

ጥያቄ፦ ልጄ በትምህርቷ እጅግ ጎበዝ ናት። ውጤቷ እየመሰከረላት መካሪ ምን ያደርግላታል?

እናቴም ይህንኑ ትጠይቀኝ ነበር። በ2011 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት ከ2000 እስከ 2006 ድረስ ለኤንአይኤች የቀረቡ ከ83,000 በላይ የምርምር ገንዘብ (ድጎማ) ማመልከቻዎችን መርምሮ፣ የአመልካቾቹ ትምህርት፣ ሥልጠና፣ የኅትመት ብዛትና የሚሠሩበት ተቋም ከግምት ከገቡ በኋላ እንኳ፣ ጥቁር ተመራማሪዎች ድጎማ የማግኘት ዕድላቸው ከነጮቹ በ10 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። እነዚህ ሰዎች ዶክትሬታቸውን የያዙ ናቸው፤ ስለዚህ ነገሩ በጉብዝና ማነስ ብቻ አይገለጽም። በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከልዩነቱ ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሚሆነው ከሚመርጡት የምርምር ርዕስ ጋር እንደሚያያዝ አመለከተ፤ በማኅበረሰብ ጤና ላይ የሚያተኩሩ ማመልከቻዎች ድጎማ የማግኘት ዕድላቸው አነስተኛ ነበርና። የትኛው ጥያቄ በገምጋሚዎች ፊት እንዴት እንደሚቀርብ፣ ውድቅ የሆነ ማመልከቻ ተሻሽሎ እንዴት እንደሚመለስ በክፍል ውስጥ አይነገርም። በመንገዱ ያለፈ ሰው ነው የሚያሳየው። የእኔ የመጀመሪያ ማመልከቻ ሲወድቅ ነገሩ ያበቃ መስሎኝ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበት ነበር።

ጥያቄ፦ የተሳካ ምሳሌ ይኖራል?

አለ፤ ለብዙዎቻችሁም ሩቅ አይደለም። በባልቲሞር አቅራቢያ የሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ባልቲሞር ካውንቲ በ1988 የመሠረተው የማየርሆፍ መርሐ ግብር፣ ተማሪዎቹን ከመጀመሪያው ዓመት በፊት በአሜሪካ በጋ (በሰመር) ሰብስቦ ያዘጋጃል፤ በቡድን እንዲያጠኑ ያደርጋል፤ በጊዜ ላቦራቶሪ ያስገባቸዋል፤ ቤተሰብንም ያሳትፋል። ለእኔ ትልቁ ነገር የቡድን ጥናቱ ነው፤ ጎበዝ ልጅ ብቻውን ተዘግቶ ማጥናትን እንደ ክብር ይቆጥረዋልና። በሞደርና የኮቪድ ክትባት ላይ የሠራችው ዶክተር ኪዝሜኪያ ኮርቤት የዚህ መርሐ ግብር ምሩቅ ናት። ገና የኮሌጅ ተማሪ ሳለች በዶክተር ባርኒ ግራሃም ላቦራቶሪ በኤንአይኤች ሠርታ ነበር፤ በ2014 ዶክትሬቷን ይዛ የተመለሰችውም ወደዚያው ነው።

ጥያቄ፦ መካሪ የሚሆነኝን ሰው እንዴት ላግኝ?

ልትገባበት ከምታስበው ላቦራቶሪ ተመርቀው የወጡ ተማሪዎችን የት እንደደረሱ ጠይቅ፤ የመካሪው እውነተኛ ማስረጃ እነሱ ናቸው። አንድ ሰው ሁሉን አይሞላም፤ ሙከራውን የሚያስተምርህ፣ ጽሑፍህን የሚያርምህ፣ በሌለህበት ስብሰባ ስምህን የሚያነሣልህ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ከሁሉም ይበልጥ የሚታጣው ሦስተኛው ነው። በታላቅ ፊት አንገት ደፍቶ ዝም ማለትን ተምረን ስላደግን በዚህ አገር ዝምታችን እንደ ፍላጎት ማጣት ሊታይብን ይችላልና፣ በየስብሰባው ቢያንስ አንድ ጥያቄ አዘጋጅተህ ግባ።

ጥያቄ፦ መርሐ ግብሮቹ ዛሬም አሉ?

በ2025 ኤንአይኤች ብዝኃነትን የሚመለከቱ በርካታ ድጎማዎችን አቋርጧል፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደርሷል። ስለዚህ በቆየ መረጃ አትመኑ፤ ከማመልከታችሁ በፊት የዩኒቨርሲታችሁን የምርምር ቢሮ ጠይቁ፤ የበጋ የላቦራቶሪ ሥራ የሚፈልግም ከአሜሪካ ክረምት መግቢያ (ከዲሴምበር) ጀምሮ ለመምህራን መጻፍ ይጀምር።