ማግኒዥየም ፍሳሽን ያጠራል ወይ? ጥያቄና መልስ ከሐዋሳ

ይህ ውይይት ስለ ማግኒዥየም ሜታል ነው። በፋርማሲ የሚሸጠው ነጭ የሆድ መድኃኒት ማግኒዥየሙ ከውኃ ጋር ተዋሕዶ ካለቀ በኋላ የሚገኘው ውሕድ ስለሆነ፣ ለእኛ ሥራ አይረዳም።

ጥያቄ (ከታቦር)፦ መምህር፣ ማግኒዥየም በውኃ ውስጥ ያለውን መርዝ የሚያጠፋው እንዴት ነው?

መልስ፦ አያጠፋውም፤ ይለውጠዋል እንጂ። ማግኒዥየም ኤሌክትሮኖቹን ለመስጠት የሚቸኩል ሜታል ነው፤ ችኮላው በቮልት ሲለካ ከዜሮ በታች 2.37 ሲደርስ የብረት 0.44 ብቻ ነው። ለምሳሌ መርዛማው የክሮሚየም ዓይነት፣ ባለስድስቱ ክሮሚየም፣ እነዚህን ኤሌክትሮኖች ሲቀበል ወደ ባለሦስት ይወርድና አረንጓዴ አተላ ሆኖ ይዘቅጣል፤ አተላውን አንሥቶ በአግባቡ የሚያስወግድ ሰው ከሌለ ግን ሥራው አልተሠራም። ከኤሌክትሮኖቹ ብዙውን የሚሻማው ደግሞ ውኃው ራሱ ነው፤ አንድ ግራም ማግኒዥየም ተዋሕዶ ሲያልቅ አንድ ሊትር ያህል ሃይድሮጅን ይለቃል። ስለዚህ ዕቃውን አትክደኑ፤ እሳትም አታቅርቡ።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ የጨርቅ ቀለም ያለበት ፍሳሽስ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ለተማሪዎቼ የማሳየው በብርጭቆ ነው፦ ቀይ የጨርቅ ቀለም እበጠብጥና፣ ጥቂት ሆምጣጤ ጠብ አድርጌ፣ በአሸዋ ወረቀት የተፈገፈገ የማግኒዥየም ጥብጣብ እከትበታለሁ። ጥብጣቡ በጥቃቅን አረፋ ይሸፈናል፤ ቀዩም እየሳሳ ይሄዳል። ተማሪዎቹ «ጠራ!» ሲሉ እኔ «አልጠራም» እላለሁ። ከጨርቅ ቀለሞች ብዙዎቹ አዞ የሚባለው ዓይነት ናቸው (ከጫሞ ሐይቁ አዞ ጋር ዝምድና የላቸውም)፤ ቀለም የሚሰጣቸው ሁለት ናይትሮጅኖችን ያያያዘ ድርብ ሰንሰለት ሲሆን፣ ማግኒዥየሙ የሚበጥሰው እሱን ነው። ከብጣሹ የሚቀሩትን አሚኖች (ናይትሮጅን ያለባቸውን ውሕዶች) ዓይን አያያቸውም፤ ከአንዳንድ ቀለሞች የሚወጣው ቤንዚዲን ግን የፊኛ ካንሰር አምጪ ነው። ስለዚህ ከማግኒዥየሙ ቀጥሎ አሚኖቹን በአየር እየታገዙ የሚበሉ ባክቴሪያዎች ያሉበት ገንዳ ያስፈልጋል።

አስተያየት (ከአቶቴ)፦ ብረት ርካሽ ሆኖ ሳለ ማግኒዥየም ምን ያደርጋል? የጋራዥ ብረት ብናኝ ይበቃል።

አስተያየት (ከመናኸሪያ)፦ የጋራዥ ብናኝ ዘይት የጠጣ ነው። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከፍ ሲል ብረት ሽፋን ይዞ ይሰንፋል፤ የማግኒዥየም ሽፋን ግን ቀዳዳ ስላለው ሥራው አይቆምም።

አስተያየት (ከአቶቴ)፦ እስኪያልቅ ድረስ ነዋ! ብረት እኮ ዓመታት ይቆያል።

መልስ፦ ሁለታችሁም ግማሽ እውነት ይዛችኋል። ከመሬት በታች ለዓመታት የሚቀበር ማጣሪያ ከሆነ ብረት ይሻላል፤ በገንዳ ውስጥ ቶሎ ማለቅ ላለበት ሥራ ማግኒዥየም።

ጥያቄ፦ የጉድጓዳችን ውኃ ፍሎራይድ በዝቶበታል፤ ይሠራልን?

መልስ፦ አይሠራም። ፍሎራይድ ኤሌክትሮን የሚቀበልበት ቦታ የለውም። ማግኒዥየሙ ከውኃው ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠረው ነጭ ዝቃጭ ጥቂቱን ቢይዝም፣ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን ወደሆነው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ያደርሳል ብላችሁ አትመኑ። የአጥንት ከሰል ፈልጉ።

ጥያቄ፦ የማዳበሪያ ናይትሬትስ?

መልስ፦ ከፊሉ አሞኒያ ይሆናል። አንዱን ችግር በሌላ መተካት ነው።

ጥያቄ፦ ከጠራ በኋላ ይጠጣል?

መልስ፦ አይጠጣም። ቀለሙ ቢጠፋም አሚኖቹ ይቀራሉ፤ ከላይ ጽፌዋለሁ።

ጥያቄ፦ ስንት ልጨምር?

መልስ፦ ምን ውስጥ? የየትኛው ብክለት? ፒኤቹስ ስንት ነው? ይህ ሳይነገረኝ መጠን መናገር በሽተኛውን ሳያዩ መድኃኒት ማዘዝ ነው።

ጥያቄ፦ ማግኒዥየሙ በመጋዘን ውስጥ እሳት ቢይዝስ?

መልስ፦ ውኃ እንዳታፈሱበት፤ ያባብሰዋል። ደረቅ አሸዋ።

ጥያቄ (ስንት ልጨምር ያልኩት)፦ ይቅርታ መምህር። ፍሳሹ ቀይ የአዞ ቀለም ነው፤ ፒኤቹ 8።

መልስ፦ አሁን ጠየቅህ። በ8 ላይ ይዘገያል፤ በጥቂት አሲድ ወደ 5 አውርደው። አንድ ሊትር ብቻ ወስደህ፣ ባልተከደነ ዕቃ ውስጥ፣ መስኮት ከፍተህ ሞክር፤ ፒኤቹን በየዐሥር ደቂቃው መዝግብ፣ እያሻቀበ ይሄዳልና። ቀለሙ ሲጠፋ ናሙናውን እንዳትደፋው፤ አሚኑ የሚለካው ከእሱ ነው።