ለጾም የማንጎ ኮብለር (ፍሬው ከታች፣ ሊጡ ከላይ ሆኖ የሚጋገር ጣፋጭ)፦ ሥሩ ውሃ፣ ሊጡ ጥሬ ለሆነብሽ

እህቴ፣ «ከላይ ቀልቶ ከሥሩ ሊጡ ጥሬ ነው፣ ማንጎውም ውሃ ሆነ» ላልሽው፣ ምድጃሽን አትውቀሺ። ሊጥ ቀዝቃዛ ፍሬ ላይ ካረፈ ከታች በደንብ አይበስልም።

ጠንከር ያለ ማንጎ ግዢ፤ ሲነኩት የሚሰምጠው ለጭማቂ ይሁን። 4 መካከለኛ ማንጎ ከትፈሽ በ3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ በ1 የሾርባ ማንኪያ ኮርን ስታርች (የበቆሎ ስታርች)ና በግማሽ ሎሚ ጭማቂ ድስት ላይ ጣጂው። ከተንፈቀፈቀ በኋላ 1 ደቂቃ ይቆይ፤ ስታርች ሳይፈላ በደንብ አይወፍርም፣ ውሃው የመጣብሽ ከዚህ ነው። እንደጋለ ወደ መጋገሪያው ገልብጪው።

ለሊጡ 1 ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ቁንጥር ጨው፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር (ያለሽበት ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ካበዛሽው ነፍቶ ይሰምጣል)፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት። በወተት ፈንታ ሲሶ ኩባያ ወፍራም የሱፍ ውሃ፤ ከተራ ውሃ እጅግ ይሻላል። ዱቄቱ እንደጠፋ ማማሰሉን ተዪ፣ አለዚያ እንደ ድንጋይ ይደርቃል።

በትኩሱ ማንጎ ላይ በማንኪያ ጉብ ጉብ አድርጊው፤ እንፋሎት እንዲወጣ መሐሉ ክፍት ይሁን። በ190 ዲግሪ 35 ደቂቃ። ትልቁን ጉብታ በስንጥር ውጊው፤ ሊጥ ይዞ ከወጣ 5 ደቂቃ ጨምሪ። ከምድጃ ሲወጣ መረቁ ቀጭን ቢመስል አትደንግጪ፤ በ20 ደቂቃ ውስጥ ይረጋል።