አራት ዓመት ኳስ ሳይነካ

ለእህቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ነው። ታክሲ እነዳለሁ። ችግሬን ለሰው የማወራ ዓይነት አይደለሁም፤ ዘንድሮ ግን ትዕግሥቴ አለቀ።

ልጄ አዮዋ ውስጥ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ይማራል፤ የመጨረሻ ዓመቱ ነው። የአሜሪካን ፉትቦል ይጫወታል፤ መጫወት ካሉት። ዘንድሮ ከስምንት ጨዋታ ሰባቱን ተሸንፈዋል። አንዱን 52 ለ 3! ያሸነፉትም ከእነሱ የባሰ ቡድን ስላገኙ ነው፤ እንዲህ የሚለው እሱ ራሱ ነው፣ እየሳቀ። እኔን አያስቀኝም።

ሃይስኩል እያለ አሰልጣኙ ቤታችን ድረስ ሲመጣ ስኮላርሺፕ አገኘ ብዬ ነበር። ለፉትቦሉ አንድ ሳንቲም አልሰጡትም። ግማሹን እኔ እከፍላለሁ፣ ግማሹ ብድር ነው። እሱ ግን ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቶ ብረት ያነሳል።

ደግሞ ልንገርዎት፤ በአራት ዓመት ውስጥ ኳሷን አንድ ቀን ነክቶ አያውቅም። ሰው ኳስ ቡድን ገብቶ ኳስ ሳይነካ ይመረቃል? እኛ ልጅ ሆነን ጃንሜዳ በጨርቅ ኳስ ስንጫወት ዳር የቆመው ተመልካች እንኳ ይነካ ነበር። የእሱ ሥራ ከፊቱ ካለው ሰው ጋር መገፋፋት ነው። ለዚህ ሲል 125 ኪሎ ገብቷል። ለዕረፍት ሲመጣ እናቱ የምትጋግርለት እንጀራ ለሠርግ ይበቃል።

እናቱ ደግሞ መጨነቅ ትወዳለች። ከሁለት ሳምንት በፊት ከጨዋታ በኋላ ደውሎ አንድ ነገር ሁለቴ ጠየቀኝ አለች። ከዚያ ወዲህ መብራት አጥፍቶ ነው የሚተኛው፣ ስልኩን ሲያይ ራሱን ያመዋል፣ ለማንም እንዳትነግሪ ብሎኛል ትላለች። ልጅ ነው፤ ሲሸነፍ ይከፋዋል፣ እንቅልፍም ይወዳል። እኔ በዚህ ወገቤ አንድ ቀን ከሥራ ቀርቼ አላውቅም። ወንድ ልጅ ቻይ መሆን አለበት ብዬ ነው ያሳደግኩት።

ባለፈው ሳምንት መልእክት ላከልኝ። የመጨረሻው ጨዋታ ኖቬምበር አጋማሽ፣ በሜዳቸው ነው። ሲኒየር ዴይ ይሉታል። ተመራቂዎቹ ከወላጆቻቸው ጋር ሜዳ ይገባሉ፣ ስማቸው ይጠራል። «አባ፣ ትመጣለህ?» ነው ያለው፤ ሌላ ነገር የለውም። አንድም ጨዋታውን አይቼ አላውቅም። ቅዳሜ ዋናው የሥራ ቀኔ ነው፤ መንገዱ አራት ሰዓት ነው። እዚያ ደርሼስ ከማን ጋር እቀመጣለሁ? መቼ እንደሚጨበጨብ እንኳ አላውቅም። ልሂድ ወይስ ልቅር?

ታክሲ ነጂው አባት

መልስ

ጋሼ፣

ስለ ሲኒየር ዴይ እናወራለን። መጀመሪያ ግን ስልክዎን ያንሱ።

አንድ ነገር ሁለቴ ጠየቀ። ጨለማ ውስጥ ይተኛል። ስልክ ሲያይ ያመዋል። ለማንም እንዳትነግሪ አለ። እነዚህን በእንጀራውና በወገብዎ መሀል ወሽቀው አለፏቸው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ይህ የመከፋት ምልክት አይመስለኝም። ኮንከሽን የሚሉት፣ አንጎል ራስ ቅል ውስጥ ሲናወጥ የሚመጣው ጉዳት ሊሆን ይችላል። ራስን ስቶ መውደቅ የግድ አይደለም። ሄልሜቱም የራስ ቅል እንዳይሰበር እንጂ አንጎል እንዳይናወጥ ማድረግ አይችልም። ሳይድን ሌላ ምት ከደረሰበት፣ እምብዛም ባይሆንም፣ ለሞት የሚያበቃ ነገር ሊመጣ ይችላል። በሁለቱ ሳምንታት ውስጥ ተጫውቷል? አልጻፉልኝም። ይህን አለመጻፍዎ አስፈራኝ።

እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ፣ ኤንሲኤኤ፣ ሕግ አለው። ምልክቱ የታየበት ተጫዋች በዚያው ቀን ይወጣል፤ ሐኪም ሳይፈቅድለት አይመለስም። ሕጉ የሚሠራው ግን የሚያውቅ ሰው ሲኖር ነው፤ በሽታውን ለደበቀ መድኃኒት የለውም። ቡድኑ አትሌቲክ ትሬነር የሚባል የጤና ባለሙያ አለው። ዛሬውኑ ይደውሉለት። ልጅዎ አዋቂ ስለሆነ ስለ ጤናው ላይነግርዎት ይችላል፤ እርስዎን ከመስማት ግን የሚያግደው የለም። ትውከት ከደጋገመው፣ ራስ ምታቱ ከባሰበት ወይም አልነቃ ካለ ደግሞ 911 ነው።

ከመደወልዎ በፊት ለልጁ ይንገሩት፤ ከጀርባው አይሁን። የመጨረሻውን ጨዋታ አሳጣኸኝ ብሎ ይቆጣል። ይቆጣ።

አሁን ልቆጣ ደግሞ እኔ። መደበቅን ከየት ተማረ? ከዚያ ወገብዎ ነዋ! አባቴ እንደ እርስዎ ነበር። ሆዱን ሲያመው «ጨጓራ ናት» እያለ ዓመት ሙሉ ሥራ ገባ። ሐኪም ያየው መራመድ ሲያቅተው ነው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ከእኔ ሚዛናዊ ፍርድ አይጠብቁ። ቻይነት ካሉ ደግሞ እዚያው ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ያለው የሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል አሰልጣኝ የነበረውን ሟቹን ጆን ጋሊያርዲን ያስታውሱ። 489 ጨዋታ አሸንፏል፤ በኮሌጅ ፉትቦል ታሪክ የሚበልጠው የለም። እሱ ልምምድ ላይ ተጫዋቾቹ እንዳይጣጣሉ ከልክሎ ነበር።

የስኮላርሺፑ ነገር አጭር ነው። ኮሌጁ በኤንሲኤኤ ሦስተኛው ምድብ፣ ዲቪዥን 3 በሚሉት ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ዲቪዥን 3 ለስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም፤ ያለው በችሎታና በቤተሰብ ገቢ የሚሰጥ እርዳታ ነው። ስለዚህ ልጅዎ የሚጫወተው ወድዶ ነው። ሽንፈቱም ቢሆን እርስዎ በሚነዱባት ሴንት ፖል ያለው ማካሌስተር ኮሌጅ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በተከታታይ 50 ጨዋታ ተሸንፎ ነበር። በ1980 17 ለ 14 አሸነፈ። ሰባት ሽንፈት ምን አላት?

ኳስ አልነካም የሚለውን ሳነብ ግን ሳቄ መጣ። ጋሼ፣ ልጅዎ የሚጫወተው ኳስ የያዘውን የራሱን ቡድን በሚጠብቀው የፊት መስመር (ኦፌንሲቭ ላይን) ላይ ይመስለኛል። አምስት ናቸው፤ በየጨዋታው ኳስ የሚነካው ኳሷን ወደ ኋላ የሚሰጠው መሀለኛው ብቻ ነው። የቀሩት አራቱ ኳሷን የሚወረውረው ተጫዋች፣ ኳርተርባኩ፣ እንዳይመታ ገላቸውን ያቆማሉ። ከ50 እስከ 79 ያለውን ቁጥር የለበሰ ሰው ወደ ፊት የተወረወረ ኳስ እንዲቀበል ሕጉ ራሱ አይፈቅድለትም። ነጥብ ሲገባ የሚጨበጨበው ለሌላው ነው። የእነሱ ስም የሚጠራው በአብዛኛው ሲያጠፉ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሌላውን ሰው በሰላም ቤቱ እያደረሱ ስምዎን ማንም የማይጠይቅዎት እርስዎ ይህን ሥራ አያውቁትም?

እንግዲህ ያን ቅዳሜ ስሙ በድምፅ ማጉያ ይጠራል። ሐኪሙ ጨዋታውን ቢከለክለው እንኳ ማልያውን በጂንስ ለብሶ ከወላጆቹ ጋር መግባት ይችል እንደሆነ ይጠይቁ። እርስዎ በአንድ በኩል፣ እናቱ በሌላ በኩል። ማጨብጨቡን ጎረቤትዎን እያዩ ያጨብጭቡ።

ዓርብ ማታ ሥራ አይግቡ፤ አራት ሰዓት መንዳት አለብዎት። ጋቢ ይያዙ፤ በኖቬምበር የብረቱ መቀመጫ ይበርዳል። የማልያውን ቁጥርም አስቀድመው ይጠይቁት፤ ደብዳቤዎ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።