ኳሊቲ ላይ ለመግባት ላሰባችሁ የጅማ ልጆች

ሲሪንጅ ፋብሪካ ውስጥ ኳሊቲ ኮንትሮል ላይ ብዙ አመት ሰርቼ አሁን ጅማ ተመልሻለሁ፣ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ግቢ ባዮሜዲካል የጨረሳችሁ ልጆች ስታገኙኝ "ስራው ቆሞ ማየት አይደል እንዴ?" ትሉኛላችሁ። አዎ ማየት ነው። ማየት ራሱ ስራ መሆኑን ግን ያወቅኩት ከእናቴ ነው፣ እዚሁ ጅማ የቡና መጋዘን ለቀማ ትሰራ ነበር፣ አንዲት የገማች ፍሬ ካመለጠቻት ጀበናውን ሙሉ እንደምታበላሽ ስለምታውቅ እጇ እየሮጠም አይኗ አይቸኩልም፣ ሲደክማት ደግሞ ቀና ብላ በር በሩን አይታ ትመለሳለች። ይሄን ልመዱት፣ አይን ብዙ ካፈጠጠ የለመደውን እንጂ ያለውን አያይም።

አሰራሩ ከባድ አይደለም። 10,000 ፍሬ ካለው ሎት፣ ማለትም አንድ ላይ ከተመረተ ስብስብ፣ 200 ሳምፕል ይወጣል፣ ሰንጠረዡ አይኤስኦ 2859 የሚባለው አለም አቀፍ የሳምፕል አወጣጥ መመሪያ ላይ አለ፣ እኛ ለማሸጊያው በምንጠቀምበት 0.65 ደረጃ (የሚፈቀደው የጉድለት ገደብ ነው) እስከ 3 ጉድለት ከተገኘ ሎቱ ያልፋል፣ 4 ከሆነ በሙሉ ሪጀክት ነው። ሰው የሚፈተነው በ3 እና በ4 መሀል ነው ልጆቼ።

አንድ ሌሊት 9 ሰአት ገደማ ማሸጊያ በቀለም እየፈተሽኩ ነበር፣ ሰማያዊ ቀለም ውስጡ ትጨምሩና ወደታሸገበት ጠርዝ ታስጠጉታላችሁ፣ ክፍተት ካለ ቀለሙ ይሳባል። 3 ጉድለት አግኝቼ ነበር፣ ከዛ ሌላ አንዱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ሰማያዊ መስመር ከውስጥ ጠርዝ እስከ ውጪ ስታልፍ አየሁ። የሺፍቱ ሀላፊ አጎንብሶ አየና "ይሄማ እጥፋት ነው፣ ስቴሪላይዘሩ ሊጫን ነው፣ ፈርሚ" አለኝ። ደክሞኝ ነበር፣ እሱም ታላቄ ነው፣ 3 ብዬ ፈረምኩ።

ቤት ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የስቴሪላይዘሩ ጋዝ ማሸጊያው ውስጥ ያለውን ጀርም ይገድላል፣ ግን በዛች መስመር በኋላ የሚገባውን ማን ያየዋል? ነርሷ ቀድዳ ስትከፍተው አዲስ ነው የሚመስላት፣ የምትወጋው ደግሞ የሰው ልጅ ነው። በማግስቱ ሄጄ ለኳሊቲ ሀላፊዋ ነገርኳት፣ እግዜር ይመስገን ሎቱ ጋዙ እስኪወጣለት ኳራንቲን ላይ፣ ማለትም ሳይላክ ተለይቶ ተቀምጦ ነበር። እንደገና ሲታይ የማሸጊያው ማሽን ሂተር በአንድ በኩል ሙቀቱ ወርዶ ነበር። አልተቆጣችኝም፣ መዝገቡን አምጥታ 3ቷ ላይ አንድ መስመር አሰምራ 4 አስፃፈችኝ፣ ምክንያቱን፣ ቀንና ፊርማ ጭምር። ፍሉድ አይቀባም፣ እርሳስም አይነካም፣ የተሳሳታችሁት እየተነበበ መኖር አለበት። ያቺ 3 እስከ ዛሬ አይኔ ላይ አለች።

አለቃ ሲያቻኩላችሁ አትጨቃጨቁ፣ ያያችሁትን ብቻ ፃፉና የማሳለፉን ውሳኔ እሱ በስሙ ይፈርምበት በሉ፣ አብዛኛው እስኪብርቶ ሲሰጠው ይተወዋል።

ኢንተርቪው ከመግባታችሁ በፊት ደግሞ ከፋርማሲ አንድ ሲሪንጅ ግዙ። ሎት ቁጥሩንና ኤክስፓየር ዴቱን ፈልጉ፣ ክብ ውስጥ የተሰረዘችውን 2 እዩ፣ አንዴ ብቻ ተጠቀም ማለት ነው። ከዛ ወረቀቱን ከፕላስቲኩ ቀስ ብላችሁ ላጡና የተጣበቀበትን ጠርዝ መስኮት ጋ ወስዳችሁ አዘንብላችሁ እዩት፣ ነጩ ምልክት ዙሪያውን እኩል ስፋት አለው ወይስ የሆነ ቦታ ይሳሳል?