ካኖንና ኒኮን ቀለማቸው አልገጥም ላለህ ወንድማችን

«ሰርግ በሁለት ካሜራ እንሠራለን፣ እኔ ካኖን ጓደኛዬ ኒኮን ይዘን። አልበሙ ላይ የሙሽራዋ ፊት አንዱ ገጽ ላይ ቀላ፣ ሌላው ላይ ቢጫ ቢጫ ይላል፣ ምን ይሻላል?» ላልከው። እኔንም እዚሁ ባሕር ዳር ብዙ ሌሊት ያስመሸኝ ነገር ነው።

መጀመሪያ ፕሪሴቱን (አስቀምጠህ ሌላ ፎቶ ላይ የምትጭነውን ማስተካከያ) ተወው። ለካኖኑ ያስተካከልከውን ኒኮኑ ላይ ስትጭነው ሌላ ቀለም ይወጣል። አንዱም አልተሳሳተም፤ ሴንሰሮቹ (ብርሃን ተቀባዮቹ) ላይ ያሉት የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ማጣሪያዎች ስለሚለያዩ አንዱን የቀሚስ ጥበብ ለየራሳቸው ነው የሚያነቡት። ስለዚህ ለየካሜራው የራሱን ፕሮፋይል፣ ማለትም የዚያን ካሜራ ቀለም የሚያርም ፋይል፣ ሥራ። ሮው (ካሜራው ያላቀነባበረውን ጥሬ ፋይል) የማታነሳ ከሆነ ግን አትድከም፣ ጄፔግ ላይ አይሠራም።

24 ቀለም ያለው ከለር ቼከር የሚባል ካርድ ያስፈልግሃል። ውድ ነው፣ አዋጡና ግዙ። «በፕሪንተር አትመው» የሚልህን አትስማ፤ የፕሪንተሩ ከጥቂት ቀለሞች ተደባልቆ የወጣ ነው፣ የካርዱ ግን ብርሃንን እንደ ቆዳ፣ እንደ ቅጠል፣ እንደ ሰማይ እንዲመልስ ተብሎ የተቀመመ ነው። ለዓይን ቢመሳሰሉም ሴንሰሩን አያታልሉትም።

ሰው የሚሳሳተው አነሳሱ ላይ ነው። ሁለቱም ካሜራ አንድ ቦታ፣ አንድ ብርሃን ላይ፣ ወዲያው ወዲያው ያንሱ። ነጩ ካሬ እንዳይቃጠል፣ ካርዱም እንዳያብለጨልጭ። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ጣና ዳር ሣሩ ላይ አጋድሜው፣ ያውም አረንጓዴ ቲሸርት ለብሼ ላዩ ላይ አጎንብሼ አነሳሁት። የሣሩም የቲሸርቱም አረንጓዴ ካርዱ ላይ አርፎ ኖሯል፣ ፕሮፋይሉ ያንን ላርም ሲል የሰዉን ፊት ሁሉ ሮዝ አደረገው፤ ሚዜዎቹ በሊፕስቲክ ጉንጫቸውን የተቀቡ ይመስሉ ነበር። አሁን አስፋልት ላይ ቆሜ፣ ጥቁር ለብሼ፣ ካርዱን ከሣርና ከቀለም ግድግዳ አርቄ ነው የማነሳው።

ከዚያ የካርዱን ፎቶ በአዶቤ ነፃ መቀየሪያ ወደ ዲኤንጂ (የአዶቤ የሮው ፋይል ዓይነት) ትቀይረዋለህ፣ ፕሮፋይል መሥሪያው ፕሮግራም ውስጥ ትከታለህ፣ ላይትሩምን (ፎቶ ማረሚያውን) ዘግተህ ትከፍታለህ። የካኖኑ ፕሮፋይል ለኒኮኑ ፎቶ አይመጣም፣ እንዳትደነግጥ፣ ከካሜራው ሞዴል ጋር የታሰረ ነው። የምትችል ከሆነ ካርዱን አንዴ በቀን ብርሃን፣ አንዴ በቢጫ አምፖል አንሳና ሁለቱን በአንድ ፕሮፋይል አዋህዳቸው፤ ላይትሩም እንደ ዋይት ባላንሱ (ነጩ ነጭ እንዲመስል የሚደረገው ማስተካከያ) በመሃላቸው ያመዛዝናል።

ፕሮፋይል ግን ዋይት ባላንስን አይተካም። ብርሃን በተቀየረ ቁጥር ካርዱን አንዴ አንሳና ከነጩ ቀጥሎ ያለውን ግራጫ ጠቅ አድርግ፣ በሁለቱም ካሜራ። እኔ ይህን ከዘለልኩ ፕሮፋይሉም አያድነኝም።

የማይገጥምም አለ። ዘጌ ቡናው ጥላ ሥር ብርሃኑ በቅጠል ተጣርቶ ነው የሚደርስህ፤ አዳራሽ ውስጥ ሐምራዊ ኤልኢዲ ከበራ ደግሞ ያልነበረ ቀለም ከየትም አይመጣም። እንዲህ ያለ ቦታ አንዱን ካሜራ ለቅርብ የፊት ፎቶ፣ ሌላውን ለሩቅ ብቻ እንጠቀማለን፣ ልዩነቱ ጎን ለጎን አይታይም።

ካርዱን ባጃጅ መስታወት ሥር አትተወው፣ ፀሐይ ይበላዋል። የኔ የመጀመሪያው እንደዚያ ነው የሄደው።