ዲዲቲው በሐይቁ ውሃ ውስጥ ካልተገኘ የት ገባ?

የጠያቂያችን ጉዳይ ባጭሩ ይህ ነው፦ ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናታቸው ከዝዋይ ሐይቅ ውሃ ቀድተውና አጣርተው ዲዲቲ የተባለውን ተባይ ማጥፊያ ቢፈልጉ ውህዶችን ለይቶ በሚለካው በጋዝ ክሮማቶግራፉ ላይ ምንም አላዩም፤ ከነዳጅ ማደያ አጠገብ ካለ ጉድጓድ በጥንድ በጥንድ የወሰዷቸው ናሙናዎች ደግሞ የቶሉዊን (በነዳጅ ውስጥ የሚገኝ ተናኝ ውህድ) መጠናቸው እርስ በርስ አልገጥም ብሏቸዋል። ዲዲቲው ተኖ ይሆን? የቶሉዊኑስ ልዩነት የመሣሪያው ችግር ነው? ሲሉ ጠይቀዋል። የተባይ ማጥፊያና የነዳጅ ቅሪት በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ለረጅም ጊዜ እንደሠራ ሰው የሁለቱም ጥያቄዎች ምንጭ አንድ ይመስለኛል፤ ጠርሙሱ ውሃ ውስጥ ከመነከሩ በፊት ውህዱ ከውሃ፣ ከአየርና ከኦርጋኒክ ቁስ የትኛውን እንደሚመርጥ በቁጥር መሰላት ነበረበት።

መነሻው የውሃው ባሕርይ ነው። የውሃ ሞለኪውሎች በሃይድሮጂን ትስስር እርስ በርስ ተያይዘው ስለሚኖሩ፣ እንደ ዲዲቲ ያለ ግዙፍና የኤሌክትሪክ ዋልታው ደካማ የሆነ ሞለኪውል በመካከላቸው ቦታ እንዲያገኝ ያ ትስስር መላላት አለበት፤ ይህም ኃይል ይጠይቃል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ውህድ ውሃውን ለቆ ወደ ብስባሽ፣ ማለትም ወደ በሰበሰው ኦርጋኒክ ቁስ፣ የሚገባው በአመዛኙ ብስባሹ በተለየ ጉልበት ስለሳበው ሳይሆን ውሃው ስለማይቀበለው ነው። መውጫዎቹ ሁለት ናቸው። ወደ አየር የሚወስደውን የሄንሪ ቋሚ፣ ማለትም ውህዱ በአየርና በውሃ መካከል የሚከፋፈልበት ቁጥር፣ ይነግረናል፤ ወደ ኦርጋኒክ ቁስ የሚወስደውን ደግሞ ውህዱ በኦክታኖልና በውሃ መካከል ከሚከፋፈልበት ቁጥር ተነስተን እንገምታለን፤ ኦክታኖል የተባለው ዘይት መሰል አልኮል ለብስባሽም ሆነ ለዓሣ ስብ ተቀራራቢ ምትክ ነውና። ቅቤ ሲነጠር የኮረሪማውና የኮሰረቱ መዓዛ ከውሃው ጋር ተኖ ከማለቅ ይልቅ በቅቤው ውስጥ የሚቀረው በዚሁ ሕግ ነው። ካሪክሆፍና ባልደረቦቹ በ1979 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ በደለል ኦርጋኒክ ካርቦንና በውሃ መካከል ያለው የክፍፍል ቁጥር የኦክታኖሉ ቁጥር በ0.63 ሲባዛ የሚገኘው ያህል እንደሆነ አሳይተዋል። ግምቱ እስከ ብዙ እጥፍ ሊስት ይችላል፤ ቢሆንም ናሙናው ከየት መወሰድ እንዳለበት ለመወሰን ከበቂ በላይ ነው።

ቀላሉን፣ ማለትም ቶሉዊንን እናስቀድም። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በአየር ውስጥ ያለው ክምችት በውሃ ውስጥ ካለው ክምችት ጋር ሲነጻጸር 0.27 ገደማ ነው። ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ አየር የሆነ ጠርሙስ ክዳኑ ተዘግቶ ሲቀመጥ ከቶሉዊኑ 21 በመቶ ያህሉ ከውሃው በላይ ባለው አየር ውስጥ ይሆናል ማለት ነው፤ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ያ ድርሻ ይወጣል፣ ውሃውም ጉድለቱን ለመሙላት እንደገና ይለቃል። ከጥንዶቹ አንዱ እስከ አፉ የተሞላ፣ ሌላው ጎደል ያለ ከነበረ ልዩነቱ ከመሣሪያው የመጣ አይደለም። ጠርሙሱ ውሃው ከአፉ በላይ ቆብ ሠርቶ እስኪታይ ድረስ ይሞላ፤ ከተዘጋ በኋላ ተገልብጦ በጣት መታ መታ ሲደረግ ሽቅብ የሚሮጥ አረፋ ከታየ ይደፋና በአዲስ ጠርሙስ እንደገና ይቀዳ። በባሊ ቀድተው ከሆነ እሱም ያጠራጥረኛል፤ ውሃው በገመድ ተጎትቶና ከከፍታ ተንቆርቁሮ ጠርሙሱ ውስጥ ሲገባ ከአየር ጋር በደንብ ስለሚናጥ ቶሉዊኑ ገና ከመጀመሪያው ይቀንሳል። በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው አፈር ግን ቶሉዊንን እምብዛም አይዘውም። የኦርጋኒክ ካርቦኑ ድርሻ 0.1 በመቶ ብቻ በሆነ ጥልቅ አፈር ውስጥ አንድ ኪሎግራም አፈር የሚይዘው በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ካለው ጥቂት አሥረኛ እጁን ያህል ነው፤ ስለዚህ ከከርሰ ምድር ውሃው ጋር ብዙም ሳይዘገይ ይጓዛል። ለቶሉዊን ውሃውንና ከአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለውን አየር መመርመር ትክክል ነው።

ዲዲቲ የዚህ ግልባጭ ነው። በውሃ የሚሟሟው በሊትር ጥቂት ማይክሮግራም ብቻ ሲሆን፣ በኦክታኖል ውስጥ ያለው ክምችት በውሃ ውስጥ ካለው በሚሊዮኖች እጥፍ ይበልጣል። የአየርና የውሃ ክፍፍሉ ደግሞ ከአንድ ሺህኛ በታች ነው። ለጥንቃቄ ሲባል የኦርጋኒክ ካርቦንና የውሃ ክፍፍሉን 300,000 ሊትር በኪሎግራም እንበለው። በሐይቁ ውሃ በእያንዳንዱ ሊትር 50 ሚሊግራም የተንሳፈፈ ጠጣር አለ፣ የዚህም አሥር በመቶው ኦርጋኒክ ካርቦን ነው ብለን እንነሳ። የጠጣሩ የክፍፍል ቁጥር 30,000 ይሆናል፤ ይህ በሊትር በ0.00005 ኪሎግራም ሲባዛ 1.5 ይወጣል። በውሃው ውስጥ ለሚገኝ ለእያንዳንዱ አንድ እጅ ዲዲቲ አንድ እጅ ተኩል በጠጣሩ ላይ ተለጥፏል፣ ማለትም ከጠቅላላው 60 በመቶው ማጣሪያው ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ማጣሪያው ላይ የቀረውን ቡናማ ዝቃጭ ከጣሉት ከዲዲቲው የሚበዛውን አብረው ጥለውታል። ካጣሩ በኋላ የቀረውም ቢሆን ሁሉም ነጻ ሆኖ የሚንሳፈፍ አይደለም፤ የማጣሪያውን ቀዳዳ አልፎ በሚሄደው በሟሟ ብስባሽ ላይ የተያዘ ድርሻ አለው። ከዚህም በላይ ጥቂቱ በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ስለሚለጠፍ የፕላስቲክ ዕቃ ፈጽሞ አይመከርም፤ የመስታወት ጠርሙስ ከሆነም ውሃው ከተገለበጠ በኋላ ውስጡ ስብ በሚያሟሟው ፈሳሽ በሄክሴን ተለቅልቆ እጣቢው ከናሙናው ጋር መደመር አለበት።

ስለዚህ ዲዲቲው ተኖ አላለቀም። ከሐይቁ ወለል የሚተን መጠን አለ፣ በሞቃታማ አገር ደግሞ ችላ የሚባል አይደለም፤ ዋናው ማረፊያው ግን ደለሉና የዓሣው ስብ ነው። በዝዋይ ዓሦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የዲዲቲ ዝርያዎችን አግኝተዋል፤ በተለይ ዲዲቲ ሲሰባበር የሚፈጠረውን ዲዲኢን። ዲዲቲ ለወባ መከላከያ በየቤቱ ግድግዳ ሲረጭ ለኖረበትና እዚያው በአዳሚ ቱሉ ፋብሪካ ሲዘጋጅ ለነበረበት አካባቢ ይህ የሚያስገርም አይደለም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ አፈሩ እርጥብ መሆኑን ታሳቢ ያደርጋል፤ በእኛ አገር ደግሞ ይህ ታሳቢ ለግማሽ ዓመት ያህል አይሠራም። በእርጥብ አፈር ውስጥ የሸክላው ገጽ በውሃ ስለተሸፈነ ዋልታቸው ደካማ የሆኑ ውህዶች እዚያ ቦታ አያገኙም፤ ስለዚህ የሚቆጠረው ኦርጋኒክ ካርቦኑ ብቻ ነው። በበጋ አፈሩ ክው ብሎ ሲደርቅ ግን የሸክላው ገጽ ራሱ ተባይ ማጥፊያውን አጥብቆ ይይዛል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ውሃው ቦታውን ያስለቅቀዋል፣ የተያዘውም ወደ አየርና ወደ ጎርፉ ይለቀቃል። በሰኔ መጀመሪያና በነሐሴ ከአንድ ማሳ የተወሰዱ ናሙናዎች ቢለያዩ የአፈሩ እርጥበት አብሮ ካልተመዘገበ በስተቀር ልዩነቱን መተርጎም አይቻልም። ሌላው የሚዘነጋው ከሰል ነው። የከሰልና የጥላሸት ቅንጣት ከጭስ የሚመጡትን ባለ ብዙ ቀለበት ሃይድሮካርቦኖች ከተራው ብስባሽ በአሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ሊይዝ ይችላል፤ ከሰል በሚከሰልበትና በሚሸጥበት አካባቢ ያለ ደለል ከስሌቱ በላይ ቢይዝ አይደነቁ።

በዚሁ ጥያቄ ላይ አስተያየት ከሰጡት አባላት አንዱ ‹አረም ማጥፊያውም ደለሉ ውስጥ ይፈለግ› ብለው ጽፈዋል። በገበሬው ዘንድ በሰፊው የሚታወቀውን ቱ ፎር ዲን ማለታቸው ከሆነ አልስማማም። እሱ ደካማ አሲድ ነው፤ ፒኬኤው፣ ማለትም ግማሹ ሞለኪውል የኤሌክትሪክ ሙል የሚይዝበት የአሲድነት መጠን (ፒኤች)፣ 2.7 አካባቢ ስለሆነ ፒኤቹ 8 በሆነ ሐይቅ ውስጥ ከ200,000 ሞለኪውል ገደማ አንዱ ብቻ ነው ያለ ሙል የሚቀረው። ሙል የያዘው ቅርጽ ወደ አየር አይተንም፣ ወደ ብስባሹም እምብዛም አይገባም፤ ስለዚህ የሚፈለገው ውሃው ውስጥ ነው። የኦክታኖሉን ቁጥር ከሠንጠረዥ ላይ አንስቶ ፒኤቹን ሳያዩ ማስላት እንዲህ ባሉ ውህዶች ላይ ፍጹም የተሳሳተ መልስ ይሰጣል።

ሌላ አባል ደግሞ አዲስ አበባ ከፍታዋ ስለሚበልጥና የአየር ግፊቷ ስለሚያንስ የሄንሪ ቋሚው ይጨምራል ብለዋል። አይጨምርም። ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ መፍላቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ክፍፍሉን የሚወስነው የውህዱ የራሱ ግፊት እንጂ የጠቅላላው አየር ግፊት አይደለም። የሚለውጠው የሙቀት መጠኑ ነው፦ ለብዙ ተናኝ ውህዶች ሙቀቱ በአሥር ዲግሪ ሲጨምር የአየሩ ድርሻ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ጠዋት በብርድ የተቀዳን ናሙና ቀትር ላይ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ማቆየት የቶሉዊኑን ውጤት ያበላሸዋል፤ በዲዲቲው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ያን ያህል አይደለም።

አሁን ለቀረዎት ጊዜ የምመክረው የሐይቁን ውሃ መድገም አይደለም። ከወለሉ የላይኛውን ጥቂት ሴንቲሜትር ደለል ይውሰዱ፤ አምባዛን የመሰለ ስብ ያለው ዓሣ ይጨምሩበት፤ ውሃው የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ ደግሞ ማጣሪያው ላይ የቀረውን ለብቻው ይመርምሩ። ከሁለት ቦታ የተወሰደ ደለል ሲያወዳድሩ ዲዲቲውን በኪሎግራም ደለል ብቻ ሳይሆን በኪሎግራም ኦርጋኒክ ካርቦንም ይግለጹ፤ አለበለዚያ ጥቁሩ ረግረግ ሁልጊዜ ከአሸዋው የባሰ የተበከለ ይመስላል። የአፈር ላቦራቶሪው በዎክሊና ብላክ ዘዴ ለክቶ የሚሰጥዎት ቁጥር ‹ኦርጋኒክ ቁስ› የሚል ከሆነ ደግሞ በተለመደው 1.724 አካፍለው ወደ ካርቦን ይመልሱት፤ ከላይ የተጠቀምኩባቸው የክፍፍል ቁጥሮች ሁሉ በካርቦን የተሰሉ ናቸውና።