ሻወሩ ለምን ቀጠነ? ስለ ቤት ውስጥ የውሃ ግፊት ጥያቄና መልስ

በአዲስ አበባ መኖሪያ ቤቶች የሳኒተሪ ሥራ ላይ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። «ውሃው ኃይል የለውም» ተብዬ ከተጠራሁባቸው ቤቶች በብዙዎቹ ባለቤቶቹ ጉድለቱ የት እንዳለ ሳይታወቅ ፓምፕ ገዝተው አገኛቸዋለሁ፤ ገንዘቡም የሚወጣው ከሰው ላብ ስለሆነ ነገሩ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ጥያቄ ላኩልኝ ባልኩት መሠረት የደረሱኝን ከዚህ በታች እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ልመና አለኝ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከቧንቧው ሥር አስቀምጡና ስንት ደቂቃ እንደሚሞላ በሰዓት ለኩ፤ መጀመሪያ ያ ቧንቧ ብቻውን ተከፍቶ፣ ቀጥሎ ሌላ ቧንቧ አብሮ ተከፍቶ። በ2 ደቂቃ የሞላ ቧንቧ በደቂቃ 10 ሊትር ሰጠ ማለት ነው፤ ለወጥ ቤት ከበቂ በላይ ነው። ይህን ሳይለኩ ስለ መፍትሔ ማውራት በጨለማ መዳሰስ ነው።

ጥያቄ፦ ቤታችን ጂ ፕላስ 1 ነው። ላይኛው ፎቅ ያለው ሻወር ደካማ ስለሆነብን የጣሪያውን 2,000 ሊትር ሮቶ በ5,000 ሊትር ለወጥነው። ለውጥ ግን አላየንም። ለምን?

መልስ፦ ግፊትን የሚወስነው ከፍታ እንጂ የታንከሩ ሆድ ስፋት አይደለም። ውሃ 10 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ሲቀመጥ 1 ባር ግፊት ይሰጣል፤ ታንከሩ ከሻወሩ ራስ 3 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ የምታገኙት 0.3 ባር ነው፤ ይህም ታንከሩ 500 ሊትር ቢይዝም 5,000 ሊትር ቢይዝም አይለወጥም። ምድር ቤት ያለው ቧንቧ ከላይኛው የተሻለ የሚፈሰውም አንድ ፎቅ ወደ ታች ስለሚወርድ ነው። መቆሚያውን በ2 ሜትር ብታሳድጉት እንኳ የሚጨመርላችሁ 0.2 ባር ብቻ ነው። ከዚያ ይልቅ ከታንከሩ የሚወርደውን ዋና መስመር ማስፋትና ቀዳዳዎቹ ሰፋ ያሉ የሻወር ራስ መምረጥ የበለጠ ይጠቅማል፤ እንደ መርፌ ቀዳዳ የጠበበ ቀዳዳ ያላቸው የሻወር ራሶች የተሠሩት ጠንካራ ግፊት ላለው መስመር ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልበቃ ለላይኛው ፎቅ ብቻ አነስተኛ ግፊት ጨማሪ ፓምፕ ይገጠማል።

ከግፊቱ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። 5,000 ሊትር ውሃ ብቻውን 5,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ጣሪያው የተሠራው ይህን ክብደት ታስቦ ካልሆነ፣ የሕንፃ መሐንዲስ መጥቶ እስኪያየው ድረስ ታንከሩን ከግማሽ በላይ እንዳትሞሉት አደራ እላለሁ።

ጥያቄ፦ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ብቻ ይቀጥናል፤ ሌሎቹ ደህና ናቸው።

መልስ፦ በቧንቧው አፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊት ፈትተው ይዩ። አሸዋ ከሆነ ማጠብ፣ ነጭ ድንጋይ ከሆነ አቼቶ ውስጥ ማሳደር ይበቃል። በተለይ ከአቃቂ አካባቢ ጉድጓዶች የሚመጣው ውሃ ከግድብ ውሃ ይልቅ ማዕድን ስለሚበዛበት ይህ ነጭ ነገር ቶሎ ይጋገራል።

ጥያቄ፦ ቀዝቃዛው ውሃ በኃይል ይወርዳል፤ ሙቁ ግን ይንጠባጠባል። ቦይለሩ ይቀየር?

መልስ፦ አይቀየር፤ ቢያንስ ገና አሁን አይቀየር። ሙቁ ብቻ ከደከመ ጉድለቱ ያለው ቀዝቃዛው ውሃ ወደ ቦይለሩ ከሚገባበት ቦታ አንሥቶ እስከ ሙቁ ቧንቧ ባለው መንገድ ላይ ነው፤ ይህም የፍለጋችንን ቦታ በእጅጉ ያጠብልናል። በመጀመሪያ ከቦይለሩ በፊት ያለው መዝጊያ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን ያረጋግጡ። ቀጥሎ በመግቢያው ላይ ያለችው፣ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የምታግደውና ትርፍ ግፊትን የምታስተነፍሰው ቫልቭ ትታይ፤ በደለል ተይዛ በከፊል ብቻ የምትከፈት ሆና አግኝቻታለሁ። ሦስተኛው ተጣጣፊው ሆስ ነው፤ ከውጭ አዲስ ቢመስልም የውስጡ ጎማ በሙቀት አብጦ መንገዱን ሊዘጋ ይችላል። ማንኛውንም ነገር ከመፍታትዎ በፊት ግን የቦይለሩን ኤሌክትሪክ ከቆጣሪው ሰሌዳ ላይ ያጥፉ፤ ውሃውም እስኪበርድ ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኛ ቤት አንድ ቧንቧ ሲከፈት ጥሩ ነው፤ ሁለተኛው ሲከፈት ግን ሁለቱም ይሞታሉ። መስመሩን ካቻምና ከብረት ወደ ፒፒአር (በሙቀት ወደሚጣበቀው የፕላስቲክ ቧንቧ) ቀይረነዋል፤ ስለዚህ ዝገት ሊሆን አይችልም። የሠራልን ሰው ፓምፕ ግዙ ይላል።

መልስ፦ ልጄ፣ ጥያቄህ ራሱ መልሱን ይዟል። ሁሉም ቧንቧ ሲዘጋ ግፊት ካለ፣ ሲከፈት ግን ከወደቀ፣ የጎደለው ግፊት ሳይሆን መንገድ ነው፤ ውሃው የሚያልፍበት ጠቧል ማለት ነው። ሲዘጋም ሲከፈትም ደካማ ቢሆን ኖሮ ከፍታው ወይም ምንጩ ነው እልህ ነበር። ይህን ልዩነት የያዘ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል። አንድ የግፊት መለኪያ ቧንቧው ላይ አስገጥመህ ሁለቱንም ሁኔታ ብታነብ በዓይንህ ታየዋለህ።

በአሮጌ ቤቶች መንገዱን የሚያጠበው አብዛኛውን ጊዜ የብረት ቧንቧ ዝገት ነው፤ እርሳስ እንኳ የማያሳልፍ የሦስት አራተኛ ኢንች ቧንቧ በእጄ ቆርጬ አይቻለሁ። የእናንተ ግን አዲስ ነው፤ ስለዚህ የምጠረጥረው ሌላ ነገር ነው። የብረት ቧንቧ ስም የሚያመለክተው የውስጡን ስፋት ግድም ሲሆን፣ ፒፒአር ግን የሚጠራው በውጭ ስፋቱ ነው። 20 ሚሊ ሜትር የተባለው ወፍራም ግድግዳ ያለው ፒፒአር የውስጡ ስፋት 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ የቀድሞው የሦስት አራተኛ ኢንች ብረት ግን አዲስ ሳለ ወደ 21 ሚሊ ሜትር ይደርስ ነበር። የሦስት አራተኛ ኢንቹም ብረት በሚሊ ሜትር ሲጠራ «ሃያ» ስለሚባል፣ «ሃያ በሃያ ተካሁት» ያለ ሠራተኛ ሳያውቀው መንገዱን ከግማሽ በታች አድርጎታል። የቀድሞውን ስፋት ለማግኘት 32 ሚሊ ሜትር ፒፒአር ያስፈልግ ነበር።

በዚህ ላይ መጋጠሚያዎቹ አሉ። ፒፒአር በ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሞቆ ነው የሚጣበቀው፤ ሠራተኛው ከልክ በላይ ካሞቀው ወይም ከልክ በላይ ከገፋው የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ገብቶ እንደ ቀለበት ይደርቃል። ከውጭ አይታይም፤ ውሃም አያፈስስም፤ ስለዚህ ማንም አይጠረጥረውም። ምክሬ ይህ ነው፦ ከታንከሩ እስከ መጀመሪያው መከፋፈያ ያለውን መስመር ብቻ አስፈትተህ አሳይ። ጠባብ ሆኖ ከተገኘ እርሱን ብቻ በ32 አስቀይር፤ ቅርንጫፎቹ ባሉበት ይቆዩ። ፓምፕ በጠባብ መስመር ላይ ቢገጠም መብራት ይበላል፣ ይጮኻል፣ መጋጠሚያዎቹንም ያስጨንቃል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዱባይ ነው። አዲስ አበባ ላሉት እናቴ ከዚህ ፓምፕ ገዝቼ ላክሁ። ሳጥኑ ላይ እስከ 8 ሜትር ጥልቀት ይስባል ይላል። ከመሬት በታች ካለው ታንከር ሥር እስከ ፓምፑ 7 ሜትር ነው፤ ግን ይጮኻል እንጂ ውሃ አያመጣም። ተበላሽቶ ደርሶ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፓምፑ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ የተለወጠው አገሩ ነው። ፓምፕ ውሃን ወደ ላይ ይስባል ብንልም፣ በእርግጥ የሚሠራው ነገር በመሳቢያው ቧንቧ ውስጥ ያለውን አየር ማሳሳት ነው፤ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የውጭው አየር ክብደት ነው። በባሕር ጠረፍ ላይ ያለው አየር ውሃን ቢበዛ 10 ሜትር ገደማ ያነሣል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ሳሳ ያለ ነው፤ ክብደቱ የባሕር ጠረፉን አየር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ምንም ብክነት በሌለበት እንኳ ከፍተኛው ወደ 8 ሜትር ይወርዳል፤ የቧንቧው መታጠፊያና ፉት ቫልቩ (በመሳቢያው ጫፍ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው) የሚወስዱት ሲቀነስ በተግባር ከ5 ሜትር በላይ ባላምነው እመርጣለሁ። ሳጥኑ ላይ ያለው 8 ሜትር የተለካው በባሕር ወለል ከፍታ ነው። ይህን የሚነግር ሻጭ አላጋጠመኝም፤ ለዚህ ነው ያስረዘምኩት።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፓምፑን ወደ ታች፣ ወደ ታንከሩ አፍ ያውርዱት፤ ፓምፕ ለመሳብ ቢደክምም ለመግፋት ጉልበቱ አለው። የመሳቢያው ቧንቧ ከፓምፑ አፍ ያልጠበበ ይሁን፤ በየትኛውም መጋጠሚያ አየር አያስገባ። እናትዎ ዘንድ ሰው እስኪሄድ ድረስ ፓምፑን ያስጠፉት፤ ያለ ውሃ የሚሽከረከር ፓምፕ በአጭር ጊዜ ውስጥ ማኅተሙ ይቃጠላል።

ጥያቄ፦ ውሃ ለሦስት ቀን ጠፍቶ ሲመለስ ታንከሩ ሞላ፤ አንዱ መታጠቢያ ቤት ግን ምንም አይወርድበትም።

መልስ፦ አየር ታስሯል። መስመሩ ወደ ላይ ወጥቶ እንደገና በሚወርድበት ጉብታ ላይ አየር ሲጠራቀም፣ ደካማው የታንከር ግፊት ሊያስወጣው አይችልም። ከታንከሩ ሳይሆን በቀጥታ ከመንገዱ መስመር ውሃ ከሚያገኝ ጠንካራ ቧንቧ በጎማ ወደ ታፈነው ቧንቧ አገናኝተው ሁለቱንም ለጥቂት ደቂቃ ይክፈቱ፤ አየሩ ወደ ኋላ ተገፍቶ በታንከሩ በኩል ይወጣል። ነገሩ ከተደጋገመ ከታንከሩ መውጫ አጠገብ፣ ከውሃው ከፍታ በላይ የሚያልፍ መተንፈሻ ቧንቧ ያስተክሉ።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነኝ። ውሃ የሚደርሰን ሌሊት ብቻ ነው። ጎረቤቴ ፓምፑን በቀጥታ ከቆጣሪው ቀጥሎ ካለው መስመር ጋር አገናኝቶ ቀንም ያገኛል። እኔም ላድርገው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ችግርዎ ይገባኛል፤ ግን እባክዎ አያድርጉት። 4ኛ ፎቅ ከመንገዱ 12 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል ለመውጣት ብቻ 1.2 ባር ይፈልጋል፤ ቀን ሁሉም ሰው ስለሚቀዳ ያ ግፊት አይተርፍም፣ ሌሊት ግን ይተርፋል። ፓምፕ በቀጥታ መስመሩን ሲስብ ግፊቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ያን ጊዜ በየስንጥቁ ከውጭ ያለው ቆሻሻ ውሃ፣ አንዳንዴም የፍሳሽ ውሃ ወደ መጠጥ መስመሩ ይገባል። ያንን ውሃ የሚጠጡት የእርስዎም የጎረቤትም ልጆች ናቸው።

ትክክለኛው መንገድ ምድር ላይ የጋራ ታንከር አስቀምጦ ሌሊት በራሱ ግፊት እንዲሞላ ማድረግ፣ ከዚያም ፓምፑ ከታንከሩ እንዲገፋ ማድረግ ነው። ለሕንፃው ነዋሪዎች ኮሚቴ ያቅርቡት፤ ወጪው ሲካፈል እያንዳንዱ ለየብቻው ከሚገዛው ፓምፕ ሊያንስ ይችላል።

ጥያቄ፦ ፓምፓችን በየጥቂት ሰከንዱ ይነሣል፣ ይጠፋል፤ ሻወሩም አንዴ ይጠነክራል አንዴ ይደክማል።

መልስ፦ ከፓምፑ አጠገብ ያለው ክብ የግፊት ማጠራቀሚያ አየሩን ጨርሷል። ፓምፑን ያጥፉ፣ አንድ ቧንቧ ከፍተው ውሃውን ሙሉ በሙሉ ያስወጡ፣ ከዚያ እንደ መኪና ጎማ በመሰለው ቀዳዳ አየሩን ይለኩ። ፓምፑ ከሚነሣበት ግፊት 0.2 ባር ያህል ዝቅ ማለት አለበት፤ በ1.4 ባር የሚነሣ ከሆነ 1.2 ባር ይሙሉበት። ሲለካ ከአየር ይልቅ ውሃ ከወጣ የውስጡ ፊኛ ተቀዷልና ፊኛው ይቀየር። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ፣ ማንም ቧንቧ ሳይከፍት ፓምፑ ሌሊት የሚነሣ ከሆነ ግን የሚያፈስስ ቦታ አለ፤ ፍለጋውን ከሽንት ቤቱ ታንክ ይጀምሩ።